የኪት ሆኪንግ መኪና

ግራ መጋባት የጀመርኩት መኪናዋን የገዛሁ ዕለት ነው፤ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ የለቀቀኝ አይመስለኝም። ሠላሳ ስድስት ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ። ቧንቧ አያምታታም፤ ውሃው ወይ ይመጣል ወይ አይመጣም። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ሥራ ሳቆም እስቲ ደግሞ ለራሴ አንድ ነገር ልግዛ አልኩና ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ አረንጓዴ ላንግፎርድ ገዛሁ። የ1963 ሥሪት ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኛት የኖርኩ መኪና ናት። ታዲያ ደረሰኙን በኪሴ ይዤ፣ በጠራራ ፀሐይ ገዝቼ ሳበቃ፣ የሰው ንብረት ሰርቄ የወጣሁ ለምን እንደመሰለኝ ለማወቅ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

የሸጡልኝ ማልደን ከተማ ዳር የሚኖሩት ወይዘሮ ቤሪል ሆኪንግ ናቸው። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው ኪት በሐምሌ ሞተዋል። እኔ የሄድኩት በመስከረም ነበር። ወይዘሮዋ ገና ስለ ዋጋ ሳናወራ፣ ማርሽ ስቀንስ ፍሪሲዮኑን ሁለቴ መርገጥ እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። እችላለሁ አልኩ። ውሸቴን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የነዳሁት የሥራ ፒካፕ ነው፤ እሱ ደግሞ አንዴ ከረገጡለት ይበቃዋል። ቀጥለው ሞተሯ በደንብ ሳይሞቅ ዳገት እንዳላስወጣት፣ ሦስተኛውን ማርሽ እንዳላጣድፈው፣ ዝናብ ሲመጣ የግራው መስኮት በእጅ እየተደገፈ እንደሚዘጋ ነገሩኝ። የባላቸውን ንግግር በቃላቸው ይዘውት ነው ብዬ አንገቴን እየነቀነቅኩ ሰማሁ።

መኪናዋ በአሮጌ መኪናዎች ክለብ ፈቃድ የምትሄድ ስለነበረች ፈቃዷ ከኪት ጋር አብሮ አልቋል፤ መንገድ ላይ መንዳት አይቻልም። ስለዚህ የሚስቴን ወንድም ለምኜ ተጎታች ይዤ ነበር የመጣሁት። ሁለቱን መወጣጫ ብረቶች አስተካከልኩና ገባሁ። ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተላተመ። ማርሽ ላስገባ ብል መኪናዋ ጥርስ የሚያስፈጭ ድምፅ አወጣች። ሞከርኩ፤ ደገምኩ። በሦስተኛው ወይዘሮ ቤሪል ዐይናቸውን ጨፍነው የጋራዡን በር ሲይዙ አየሁ።

"ውረድ እስቲ ልጄ" አሉኝ።

ወረድኩ። እሳቸው ገቡ። ወንበሩን ወደፊትም ወደኋላም አላሉትም፤ ልካቸው ነበር። አንዴ ወደ ኋላ አየት አደረጉ፣ ጋዙን ነካ ነካ አደረጉና በዚያ ቀጭን ብረት ላይ ያለ አንዳች መንገጫገጭ ተጎታቹ ላይ አወጧት። ሲወርዱ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ኪት አንዴ አሳይቷቸው እንደነበር ነገሩኝ። አንዴ ብቻ? ብዬ ጠየቅኩ። አንዴ ብቻ አሉ። ከዚያ ሻይ እንኳ ሳይሉኝ ቤት ገብተው በራቸውን ዘጉ። የዚያ አካባቢ ሴት ሻይ ሳትል እንግዳ አትሸኝም፤ ነገሩ አልጥም አለኝ።

ቤት ስደርስ ሚስቴ ሞሪን መኪናዋን እየዞረች አየቻትና "ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ታዲያ ሁለተኛው ማነው?"

ጣሪያው ሲታጠፍ ነፋሱ ፀጉሯን እንዲያበላሽባት አትፈልግም። ስቄ አለፍኩት።

የቀረው ፈቃዱ ነበር። ፈቃድ ለማግኘት የክለብ አባል መሆን፣ ከዚያ የክለቡን ፊርማ ማግኘት ግድ ነው። ፈቃዱ ሲሰጥ ትንሽ ደብተር ይሰጣል፤ መኪናዋ በወጣችበት ቀን ሁሉ፣ ገና ጎማዋ ሳይንቀሳቀስ፣ የሚነዳው ሰው ቀኑን፣ ስሙንና ፊርማውን ይጽፍበታል። ሳይጻፍ የተወጣ እንደሆነ ፖሊስ ፊት መኪናዋ መኪና አይደለችም። በዓመቱ መጨረሻ የክለቡ ኃላፊ ደብተሩን አይቶ ፈቃዱን ያድሳል። እንግዲህ የኔ ነገር ያለው በክለቡ ፊርማ ላይ ነበር፤ ፊርማው ከሌለ የልጅነት ምኞቴ ጋራዥ ውስጥ ቆማ አቧራ መጠጣቷ ነው።

የክለቡ ስብሰባ ኒውስቴድ ከተማ ባለው አሮጌ አዳራሽ ነው የሚደረገው። ፈራሚው ትሬቨር ናንከርቪስ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የእርሻ ተቆጣጣሪ ነው፣ ዕድሜ ልኩን በግ ሲቆጥር ስለኖረ ሰውንም የሚያየው እንደዚያው ነው። አጠገቡ ሮን ግላሰን ተቀምጧል፤ ወፍራም፣ ጆሮው ውስጥ መስሚያ ያለው፣ ወሬ ወዳድ ሰው። ስሜን ነገርኳቸው። ማንም ስሜን አልያዘልኝም። የገዛሁትን መኪና ስናገር ግን ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

"የኪት መኪና" አለ ሮን። "ወንድሜ፣ እንደ ኪት የሚነዳት ሰው በዚህ አገር አልተፈጠረም።"

ሁሉም አረጋገጡልኝ። ኪት አንድም እሁድ ቀርተው አያውቁም። ክለቡ ዱኖሊ ከተማ ሲሄድ እሳቸው ነበሩ፣ ባላራት ሲኬድ እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ሻይ መጣና ያው ሮን ስለ ጤና ማውራት ጀመረ። ምስኪኑ ኪት በዳሌው ምክንያት መከራውን አየ አለ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ ግራ እግሩ አልታጠፍ ብሎት ከወንበር ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር አለ። እኔ የቧንቧ ሰው ነኝ፤ አንዱ ከሌላው ጋር ካልገጠመልኝ አልተኛም።

"ግራ እግሩ ካልታጠፈ ፍሪሲዮኑን በምን ይረግጠው ነበር?" አልኩ።

ሮን ሻዩን ያማስል ጀመር። ስኳር አልጨመረበትም፤ ግን ያማስላል። ትሬቨር ጉሮሮውን ጠራርጎ እሁድ መጥቶ መኪናዋን እንደሚያያት ነገረኝ። ሌላው ሰውዬ ስለ ዝናብ አነሳ። እኔ ምን ነውር ተናግሬ ነው? እያልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ትሬቨር በቀጠሮው መጣ። ጎማዎቹን እየደበደበ አየና የኋላው ግራ አልጣመኝም ብሎ ሳይፈርም ሄደ። ጎማውን ቀየርኩ። ተመልሶ መጣና የፍሬን መብራቱ ሽቦ ልል ነው አለ። አጠበቅኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ የሚያገኝባት እንከን አጥቶ የጥሩምባዋ ድምፅ ቀጠነብኝ ብሎ እርፍ። ስድሳ ዓመት ያለፋት አሮጊት ምን ዓይነት ድምፅ እንዲኖራት ነው የፈለገው? ልናገረው ስል መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠና መሪውን ያዘ። ከዚያ ወደ እግሩ ሥር ተመለከተ።

"ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋኸው?" አለኝ፤ ሰው ገደልክ በሚል ድምፅ።

"ጉልበቴ አልገባ ብሎኝ ነው" አልኩት።

ወጥቶ ሳይሰናበተኝ ሄደ። ሞሪን በመስኮት እያየች ነበርና ሰውዬው ጤነኛ መሆኑን ጠየቀችኝ። እኔ በዚያ ሰዓት ስለ ራሴ ጤንነትም እርግጠኛ አልነበርኩም።

በማግስቱ በንዴት መኪናዋን ላጸዳ ገባሁ። ከመሪው በስተግራ ያለችው ትንሽ መሳቢያ አትከፈትም ነበር፤ በቢላ ስጎረጉራት ተከፈተች። ከውስጥ በላስቲክ የታሰሩ ደብተሮች ወጡ። የጉዞ ደብተሮቹ ናቸው፤ የስምንት ዓመት። ቆሜ አገላበጥኳቸው። በየመስመሩ ቀን አለ፣ ስም አለ፣ ፊርማ አለ። ስሙ ኪት አይደለም። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ አንድም መስመር ሳይቀር፣ ንጹሕ በሆነ የትምህርት ቤት እጅ ጽሑፍ "ቤሪል ሆኪንግ" ይላል። በየዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የክለቡ ማኅተምና የትሬቨር ፊርማ አለ። ታዲያ ኪት ነበር የሚነዳት የሚሉኝ ለምንድን ነው? ትሬቨር የሚፈርምበትን ነገር አያነብም? ወይስ ሞኝ አገኘን ብለው ነው? የነበረኝ ትንሽ መረዳትም ጠፋብኝ።

ደብተሮቹን ይዤ ማልደን ሄድኩ። ወይዘሮ ቤሪልን ባዶውን ጋራዥ ሲጠርጉ አገኘኋቸው። ደብተሮቹን ሲያዩ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ከኪት ወረቀቶች ጋር የተቃጠሉ መስሏቸው ነበር። መጀመሪያ ማንም እንዳላየው ጠየቁኝ፤ ማንም አልኩ። ከዚያ ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ። ማልኩ።

ከዚያ አወሩልኝ። ኪት ዳሌያቸው ከተበላሸ በኋላ መኪናዋን ሽጪያት፣ ክለቡንም ትቼዋለሁ ብለው አልጋ ላይ ተኝተዋል። ሦስት ሳምንት እህል በአግባቡ አልቀመሱም። በአራተኛው ወይዘሮ ቤሪል ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አንስተው ግባ አሏቸው። ከዚያ በፊት የነዱት ወደ ገበያ የምትሄደዋን ትንሿን መኪና ብቻ ነበር። ባልየው ከጎን ተቀምጠው እየተቆጡ፣ እየተሳደቡ፣ በአንድ ሳምንት አስተማሯቸው። የመጀመሪያው እሁድ ኒውስቴድ ሊደርሱ ሲሉ፣ ከእህል ጎተራው አጠገብ ያለው ኩርባ ላይ፣ ኪት አቁሚ አሉ።

"ቦታ ተቀያየርን" አሉኝ ወይዘሮ ቤሪል። "ከኩርባው እስከ አዳራሹ ሁለት መቶ ሜትር ነው። ያቺን እሱ ይነዳታል፤ በአንደኛ ማርሽ። እኔ ዱላውን እይዝለታለሁ። ስንመለስም፣ ሩቅ ሲኬድም እንደዚያው፤ ሁሌ ከሰልፉ ኋላ ቀርተን። ትሬቨርም ማኅተሙን ይመታል እንጂ ደብተሩን አያነብም። ስምንት ዓመት ማንም አልነቃብንም።"

"እርስዎስ?" አልኩ።

"እኔ ምን?"

"መንዳቱን ይወዱት ነበር?"

ወለሉ ላይ ያለውን የዘይት ምልክት በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉ። "ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው የጀመርኩት" አሉ። "ከዚያ በፊት ስኖር ምን እየሠራሁ እንደነበር አላውቅም።"

አንጀቴን በሉት። ታዲያ ለምን ሸጡልኝ? ለምን ራሳቸው አባል አይሆኑም? ብዬ ጠየቅኩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሞኝ ነው በሚል ዐይን አዩኝ። አባል የምሆን ከሆነ ፊታቸው መንዳት አለብኝ አሉ፤ ስነዳ ካዩኝ ደግሞ ማን ሲነዳት እንደኖረ ይገባቸዋል። ኪት የሚያውቀው ኩራት ይቺን ብቻ ነበር፤ በሞተ በአራተኛ ወሩ ስምንት ዓመት ዋሸን እንዲሉት አላደርግም አሉኝ። ለክለብ ሰው ያልሸጡትም የክለብ ሰው ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ደብተሩን ስለሆነ ነው። እኔን የመረጡኝ ምንም ስለማላውቅ ነበር። ይህንንም እንዲሁ ፊት ለፊት ነገሩኝ።

ቤቴ ገብቼ ሁለት ቀን አሰብኩ። መኪናዋን ብመልስላቸው መንዳት አይችሉም። ባልመልስላቸው ደግሞ በገባሁባት ቁጥር የተቀመጥኩት በሰው ወንበር ላይ ነው። እውነቱን ልናገር እንዳልል ምያለሁ። ደግሞ መኪናዋን እፈልጋታለሁ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ሞሪን ምን እንዳስኮረፈኝ ስትጠይቀኝ መኪናዋን ላጥብ ብዬ ወደ ጋራዡ ወጣሁ።

በኅዳር መጀመሪያ እሁድ የክለቡ ዓመታዊ ሰልፍ ነበር። ትሬቨር ደውሎ መኪናዋን በተጎታች አምጣት፣ ምንም ሰበብ ሳልደረድር ሰው ሁሉ ባለበት እፈርምልሃለሁ አለኝ። ያንኑ ሳምንት ክለቡ ወይዘሮ ቤሪልን ስኮን የሚባለውን የሻይ ኬክ እንዲጋግሩ ለምኗቸዋል፤ በየዓመቱ የሚጋግሩት እሳቸው ናቸው። አድርሰኝ አሉኝና ትሪውን ጭናቸው ላይ አድርገው በፒካፔ ወሰድኳቸው፤ መኪናዋ ከኋላ ተጎታቹ ላይ ናት። ጎተራው ጋ ስንደርስ ሳላስበው ፍጥነት ቀነስኩ።

"ምን ሆንክ? ንዳ" አሉኝ።

አዳራሹ ፊት ሃያ የሚሆኑ አሮጌ መኪናዎች ተሰልፈው ሰዉ ኮፈን ከፍቶ ያወራል። መኪናዋን ከተጎታቹ በእጅ ገፍተን አወረድናት። ትሬቨር ቅጹን ኮፈኗ ላይ ዘረጋ፣ የብዕሩን ክዳን ከፈተ፤ መልሶም ገጠመው። ትዕግሥቴ አለቀ።

"ዛሬ ደግሞ ምን ጎደላት?" አልኩት። "ቀለሟ አላማረህም?"

"ምንም አልጎደላትም ዴስ" አለኝ። እንዲህ በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። "እጄ ነው እምቢ ያለኝ። እዚህ ላይ ሌላ ስም እንዴት አድርጌ ልጻፍ?"

"ኪት እኮ ሞተዋል፣ ትሬቨር።"

"ስለ ኪት ማን አወራ?"

ዞር ስል ወይዘሮ ቤሪል ትሪያቸውን እንደያዙ ከኋላችን ቆመዋል። ስለ ማን ነው ታዲያ የምታወራው አሉት፤ ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነበር። ትሬቨር እስከ አንገቱ ቀላ። እኔ አንድም ቃል እንዳልተነፈስኩ ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ የሚሰማኝ አልነበረም።

"ደብተሩን በየዓመቱ የማየው እኔ ነኝ፣ ቤሪል" አለ ትሬቨር። "ማንበብ እችላለሁ።"

ሮን ጠጋ አለ። ያ ወሬኛ ሰውዬ በዚያን ቀን ቀስ ብሎ ነው ያወራው። ከአዳራሹ በር ላይ ሆኖ ጎተራው ይታያል አለ፤ በየእሁዱ የላንግፎርዷ አቧራ ይመጣል፣ ኩርባው ላይ ይቆማል፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይቀጥላል። ይህን ያላየ የክለቡ ሰው የለም። አቧራው ሲነሳ ሁሉም ቅርቡ ያለውን ኮፈን ከፍቶ አንገቱን ይቀብራል፤ ኪት ወርደው ዱላቸውን ይዘው እስኪቆሙ ቀና የሚል አልነበረም። ያ የነገረኝ ሁሉ፣ እንደ ኪት የሚነዳ የለም ያለኝ ሁሉ፣ ስምንት ዓመት አፉ የለመደው ንግግር ነበር። መኪናዋ ለሽያጭ ስትወጣም አዝነዋል፤ ግን ቤሪልን አባል ሁኚ ማለት እናውቃለን ማለት ነው። ማንም ቀድሞ ሊናገር አልደፈረም፤ በዚህ መሃል እኔ መጥቼ ገዛኋት።

ትሬቨር ወደኔ ዞረ። "የባለቤትነት ወረቀቷ ገና ወዳንተ አልዞረም" አለኝ። "በማን ስም ልጻፍ?"

መልሱን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። መኪናዋን ሳያት ግን እጄን ኮፈኗ ላይ አሳረፍኩ። ልጅ ሆኜ የአጎቴ ጎረቤት የነበረው ሰው አንዷን ሲነዳ ካየሁበት ቀን ጀምሮ ስጠብቃት ኖሬ፣ እስካሁን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልነዳኋትም።

"በሳቸው" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ወይዘሮ ቤሪል እኔን አላዩኝም። ትሪውን ኮፈኑ ላይ አስቀመጡና ትሬቨርንና ሮንን፣ ከዚያም በየኮፈኑ ሥር ጆሯቸውን አቁመው የቆሙትን ሁሉ አንድ በአንድ አዩ።

"ያቺን ሁለት መቶ ሜትር እያለቀሰ ነበር የሚነዳት" አሉ። "ፍሪሲዮኑን በረገጠ ቁጥር አጥንቱ ይላቀቃል። በሩ ከመከፈቱ በፊት እንባውን በመሀረቤ የምጠርግለት እኔ ነኝ። ለእናንተ ብሎ ነበር። እናንተ እንዳታውቁ።"

ትሬቨር ብዕሩን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል።

"እንደምናውቅ ብንነግረው" አለ ሮን፣ "ድጋሚ ይመጣ ነበር?"

ወይዘሮ ቤሪል ሊመልሱ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። መጀመሪያ የተቆጡ መሰለኝ፣ ቀጥሎ የሚስቁ መሰለኝ፤ ኋላ ፊታቸው ላይ የቀረው ግን እኔ ሁለት ወር ሙሉ ተሸክሜው የዞርኩት ያው ግራ መጋባት ነበር።

"አይመጣም ነበር" አሉ። "አይመጣም። እኔም አልነዳም ነበር።"

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መልሰው አደረጉት። ከዚያ ጣታቸውን ቅጹ ላይ፣ ስም በሚጻፍበት ቦታ አሳረፉ።

"ጻፍ እንግዲህ" አሉት ትሬቨርን። "ቤሪል ሆኪንግ። ሹፌር።"

ትሬቨር የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል ጽፎ ብዕሩ ስለደረቀበት የኔን ተውሶ ጨረሰው።